የተሳለው ፈረሰኛና ያልተሳለው

የአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኛ በሥዕልም በተረትም የሚለየው በብረት ጥሩሩና በጋሻው ላይ ባለው የቤተሰቡ ምልክት ነው። የእኛው ጀግና ግን የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ልማዱ በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ ይገኛል፤ በኦሮምኛ «አባ» አባት ብቻ ሳይሆን ባለቤትም ማለት ነው። ስሙ ከፈረሱም ከጌታውም ዕድሜ ይረዝማል፤ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የገባው ሻለቃ ጦር «ቃኘው» መባሉን ያስታውሷል።

ሠዓሊዎቻችንም ፈረሰኛውን አልዘነጉትም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል። የ1888 ዓ.ም. የዓድዋን ጦርነት በሚያሳዩ ሥዕሎች ደግሞ ያው ሰማዕት ከሠራዊቱ በላይ በሰማይ ይታያል። በዚሁ የአሳሳል ወግ ወገን ከፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ጠላት ከጎን በአንድ ዓይኑ ይሳላል።

ይህ ብሩሽ ያልደረሰለት ፈረሰኛም አለ። ከአዳማ ወደ ደቡብ ወርደው አዋሽን ሲሻገሩ የአርሲ አገር ይጀምራል። የአርሲ ፈረሰኞች የራስ ዳርጌን ባለ ጠመንጃ ጦር በጦርና በጋሻ ለዓመታት ተቋቁመው፣ በ1878 ዓ.ም. አዙሌ ላይ ድል ሆኑ። የእነሱን ጀግንነት ያቆየው ሸራ ሳይሆን ጌረርሳ፣ የኦሮሞ የፉከራና የውዳሴ የቃል ግጥም ነው።

ታሪክን ከሥዕል ብቻ ያነበበ፣ ሁለት ዓይን ያለው አንዱ ወገን ብቻ ይመስለዋል። ሥዕሉን ያየ ጌረርሳውንም ማዳመጥ ይኖርበታል።