የተሳሳተ መልስ ታሪክ

ስለ ትምህርት የተጻፉ ንድፈ ሐሳቦችን የለያያቸው ጥያቄ አንድ ይመስለኛል፤ ተማሪ ሲሳሳት ምን እያደረገ ነው?

ለአሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ስህተት ቀስ በቀስ የሚከስም ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት የተራቡ ድመቶችን ሳጥን ውስጥ ዘግቶ ለመውጣት የሚፈጅባቸውን ጊዜ ለካ። ሙከራው ሲደጋገም ከንቱው መፍጨርጨር ቀነሰ፣ የሚያዋጣው ጸና። ቢ.ኤፍ. ስኪነር ይህን ሐሳብ እስከ ጫፍ ወሰደው። በ1950ዎቹ የሠራው የማስተማሪያ ማሽን ትምህርቱን በጥቃቅን እርከን እያቀረበ መልሱን ወዲያው ያረጋግጥ ነበር፤ ተማሪው እምብዛም ሳይሳሳት እንዲያልፍ። ለማባዛት ሠንጠረዥ ይህ መንገድ ዛሬም ይሠራል።

ከዚያ በፊት ግን፣ በ1920 ገደማ፣ ዣን ፒያዤ የተባለ ወጣት ስዊዘርላንዳዊ ፓሪስ ውስጥ አሰልቺ ሥራ ተሰጥቶት ነበር፤ የእንግሊዞችን የማመዛዘን ፈተና ለፈረንሳይ ልጆች ማስማማት። ዓይኑ ያረፈው በተሳሳቱት መልሶች ላይ ነው። የተቀራረበ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ስህተታቸው ይመሳሰላል። ስለዚህ ለምን እንዲያ እንዳሉ ይጠይቃቸው ጀመር። በኋላ ዝነኛ በሆነው ሙከራው፣ ከሁለት እኩል ብርጭቆዎች የአንዱ ውኃ ረዘም ጠበብ ወዳለ ዕቃ ሲገለበጥ፣ የአምስት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ይበልጣል ይላል። እንዲያው አልገመተም፤ ከፍታውን መለኪያ አድርጎ አስልቷል። ይህን ስሌት የሚያፈርሰው የአዋቂ «ተሳስተሃል» ማለት አይደለም፤ ልጁ ራሱ ስፋቱን ከከፍታው ጋር ማገናዘብ ሲጀምር ነው። ዕውቀት ይገነባል የሚለው አባባል ከዚህ ወዲያ ክብደት አገኘ።

እንደ ፒያዤ ሁሉ በ1896 የተወለደው ሩሲያዊ ሌቭ ቪጎትስኪ ግን ልጁ ለብቻው መታየቱን አልወደደውም። ልጁ ብቻውን የሚያቅተውን፣ የሚያውቅ ሰው ሲያግዘው የሚወጣው ከሆነ ማስተማር ያለብን እዚያ መሃል ነው አለ። በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት 37 ዓመቱ ነበር፤ ሥራዎቹም በሶቪየት ኅብረት ለ20 ዓመት ያህል ታፈኑ። አንዱ መጽሐፉ በ1962 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ፒያዤ በውስጡ የተሰነዘረበትን ትችት ይህን ያህል ዘግይቶ በማወቁ እንዳዘነ ጻፈ። ሁለቱ ፊት ለፊት ቢከራከሩ ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

በእኛም አገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ «ተማሪ ተኮር» የሚለው ቃል ከመምህራን ሥልጠና አይጠፋም። ተማሪን በቡድን ማስቀመጥ ይቻላል። ስልሳ ልጅ በሞላበት ክፍል ግን «እንዴት እንዲህ አልክ?» ብሎ መልሱን እስከ መጨረሻው ለማዳመጥ ክፍለ ጊዜው አይበቃም፤ አገር አቀፍ ፈተናውም የሚጠይቀው የተመረጠውን ፊደል እንጂ የተመረጠበትን ምክንያት አይደለም።