አቡጊዳ፦ ተራው የተፈታ ፊደል ምን ያስተምረናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ከ»፣ «በ» እና «ረ» የተባሉትን ሦስት ፊደላት ጽፋችሁ ቦታቸውን ብታለዋውጡ ምን ታገኛላችሁ? «ከበረ» ብትሉ ክብርን፥ በግእዝ «ረከበ» ብትሉ ማግኘትን፥ «በረከ» ብትሉ ደግሞ መንበርከክን ያመለክታል። «ቀ»፣ «በ» እና «ረ» እንዲሁ «ቀበረ»፣ «ቀረበ»፣ «በረቀ» ይሆናሉ። የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ፊደል የለም፤ ተራው ሲለወጥ ግን ምሥጢሩ ይለወጣል። ስለዚህ አንባቢ የሚባለው እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ የሚያውቅ እንጂ ተራውን ብቻ የሸመደደ አይደለም።

የአብነት ትምህርት ቤታችን ይህን ልዩነት የሚፈትንበት ጥንታዊ መንገድ አለው። ሕፃኑ በመጀመሪያ ከሀ እስከ ፐ ያሉትን 26 የግእዝ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፥ በድምሩ 182 ሆሄያትን፥ በዜማ ይቆጥራል። ዜማው ለማስታወስ ይረዳል፤ ነገር ግን አንደበቱ ከዓይኑ ቀድሞ ሊሮጥ ይችላል። ስለዚህ የኔታ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቆጥሩታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። አ ግእዝ ነው፤ ቡ ካዕብ፤ ጊ ሣልስ፤ ዳ ራብዕ፤ ሄ ኃምስ፤ ው ሳድስ፤ ዞ ሳብዕ። እያንዳንዱ ሆሄ ከተለያየ ቤት ስለመጣ የለመደው ዜማ አይረዳውም፤ ፊደሉን አይቶ መለየት ግድ ይሆንበታል። ይህን ያለፈ ተማሪ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ንባብ፥ ኋላም ወደ ዳዊት ይሸጋገራል።

የአቡጊዳ ተራ ግን እንዲሁ የተዘበራረቀ አይደለም። አ፣ በ፣ ገ፣ ደ የሚለው አካሄድ የዕብራይስጥ ፊደላት ተራ ነው። መዝሙር 118ን ስትገልጡ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ በ22 ፊደላት ተከፍሎ፥ ለእያንዳንዱም 8 ቁጥር ተመድቦለት ታገኙታላችሁ፤ ድምሩ 176 ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ታላቁን መዝገበ ቃላታቸውን ያሰናዱት በአበገደ ተራ ነው።

የሀለሐመ ተራም የራሱ ጥንታዊነት አለው። ታቦተ ጽዮን ከፍልስጥኤም ምድር በተመለሰችበት በቤትሳሚስ እ.ኤ.አ. በ1933 የተገኘ የሸክላ ጽሑፍ ፊደላቱን በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ይደረድራል፤ ዘመኑም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ ይገመታል። እንግዲህ ሕፃኑ በአንድ ገበታ ሁለት ጥንታውያን ተራዎችን ይማራል ማለት ነው።

ዛሬ ፈተናው ሌላ መልክ ይዟል። በስልካችን ስንጽፍ ሠን ከሰ፥ ሐን ከሀ ሳንለይ ያገኘነውን እንነካለን። በግእዝ ግን «ሠረቀ» ወጣ፥ ተገለጠ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነው፤ «መሀረ» አስተማረ፥ «መሐረ» ይቅር አለ ማለት ነው። ስለ ፀሐይ መውጣት የተጻፈው ቃል በአንድ ፊደል ስሕተት የሌባ ሥራ ይሆናል። ድምፁ በአፋችን አንድ ቢሆንም ትርጕሙ አንድ አይደለም። ይህን የማይለይ ትውልድ የአባቶቹን መጻሕፍት በእጁ ይዞ ምሥጢራቸውን ሊያጣ ይችላል።

በብልጣሶር ግንብ ላይ የተጻፈውን ጽሕፈት የባቢሎን ጠቢባን ሊያነቡትም ሊተረጕሙትም አልቻሉም። ዳንኤል ግን አስቀድሞ አነበበው፥ ቀጥሎም ተረጐመው (ዳን. 5)። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርትም ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ ንባብ ይቀድማል፥ ትርጓሜ ይከተላል። ንባቡ የተፋለሰበት ሰው ትርጓሜውን ከየት ያገኛል?

ስለዚህ፥ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ወጣቶች፥ የፊደል ገበታን የሕፃናት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። በዚህ ሳምንት አቡጊዳን ቍጠሩ፤ ታናናሾቻችሁንም ከተራው ውጭ እየጠቆማችሁ ጠይቋቸው። ከዚያም ከዳዊት አንድ መዝሙር በግእዝ አንብቡ፤ ያልገባችሁንም ቃል መምህራንን ጠይቁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።