የአፍንጫው አጥንትና የመስታወት ዘንግ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወጋችን ስለ አጥንት ነው፤ ያውም ማንም ሳይጠራው ባዶ ስፍራ ውስጥ ስለሚበቅል አጥንት። ሐኪሞች ኦስቲኦማ ይሉታል። እጢ ነው፣ ካንሰር ግን አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም። ማደጊያው አብዛኛውን ጊዜ ከቅንድብ በላይ ያለው የግንባር ሳይነስ የተባለው ባዶ ስፍራ ነው፤ በራሱ በአፍንጫ ዋሻ ውስጥ ሲገኝ ብርቅ ነው። ስንቱ ተሸክሞት ኖሮ ሳያውቀው ያረጃል! ብዙውን ጊዜ የሚታየው ለሌላ ሕመም ሲቲ ስካን ሲነሱ ነው።

ክፋቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ነው። የሳይነሱን መውጫ ሲደፍን ራስ ያሳምማል፤ ወደ ጎን ሲገፋ ዓይንን ወደ ውጭ ያወጣል፤ ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ ከአንጎል የሚለየው ስስ አጥንት ብቻ ነው።

ታዲያ በድሮው ጊዜ እዚያ ለመድረስ ፊት ይቀደድ ነበር፤ በአፍንጫ ጎን ወይም በቅንድብ ሥር፣ ሲብስም የራስ ቆዳ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተከፍቶ ወደ ፊት ይገለበጥ ነበር።

ይህን መንገድ የቀየረው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ቢላዋ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው። ሃሮልድ ሆፕኪንስ ይባላል፤ እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ። በ1950ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጂም ጎው የተባለ የሊቨርፑል ሐኪም የሽንት ፊኛን ውስጥ ፎቶ ማንሳት ፈልጎ ብርሃን ቢያንሰው ወደ እርሱ ሄደ። የዚያን ጊዜው መመልከቻ ቱቦ በውስጡ ትናንሽ ሌንሶች ተራርቀው የተደረደሩበት፣ የቀረው አየር የሆነ ነገር ነበር። ሆፕኪንስ ገለበጠው፦ አየሩ የነበረበትን በመስታወት ዘንግ ሞላው። ምስሉም ቦግ አለ! የአገሩ ኩባንያዎች ፊት ነሱት፤ በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ካርል ስቶርዝ ተቀብሎ ሠራው። ከዚያ በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ ሐኪሙ ቫልተር መሰርክሊንገር በዚሁ ዘንግ አፍንጫን ሲያጠና ኖረ፤ በ1978 መጽሐፍ አሳተመ።

እናም ዛሬ ቀዶ ሐኪሙ ይህንኑ መመልከቻ ይዞ በአፍንጫ ቀዳዳ ይገባል። በመሰርሰሪያ የእጢውን መሐል ይቦረቡራል፤ የእንቁላል ቅርፊት ያህል ስስ ልባስ ሲቀር ወደ ውስጥ ሰብሮ በዚያው ቀዳዳ ያወጣዋል። ከግንባር ዳር ርቆ የተተከለ ትልቅ እጢ ግን አሁንም በውጭ በኩል መከፈትን ሊጠይቅ ይችላል። ትንሽ ሆኖ ዝም ያለውንስ? እኔን ብትጠይቁኝ ጥሩ ሐኪም የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ አይነካውም፣ በየጊዜው ምስል እያነሳ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳችሁ ብቻ ለወራት ከተደፈነ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ከአንገት በላይ ሐኪም አሳዩ። በመንጋጋና በፊት አጥንቱ ላይ ብዙ ኦስቲኦማ የተገኘበት ሰው ደግሞ ትልቁን አንጀቱንም ይመርመር፤ ጋርድነር ሲንድረም የተባለው በዘር የሚወረስ ሕመም በዚሁ ምልክት ይገለጣል፣ አንጀት ውስጥ የሚያበቅላቸው ፖሊፕ የሚባሉ እብጠቶችም ካልታከሙ ወደ ካንሰር ይለወጣሉ።