ጥጥና ጥንግ

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ይነሣል። ከገጠር የመጣነው «ገና ማለት ጨዋታው ነው» እንላለን፤ አዲስ አበባ ያደግነው ደግሞ ጽዱን፣ ፊኛውንና በጽዱ ላይ የሚነሰነሰውን ጥጥ እናነሣለን። ዘንድሮ ነገሩ ከረር አለና አንዱ ጓደኛችን «የእናንተ ገና የፈረንጅ ነው» ቢል፣ ሌላው ተቀይሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሳያናግረው ቀረ። እንግዲህ ታሪክ እናውቃለን ባዮች ነንና እስቲ ከሥሩ እንየው።

በመጀመሪያ ቀኑ። ፈረንጆቹ ታኅሣሥ 16 ላይ ሲያከብሩ እኛ 29 ላይ (በዘመነ ዮሐንስ በ28) የምናከብረው ሌላ ልደት ስለ ተገኘልን አይደለም። ታኅሣሥ 29 በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 25 ነው። የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 አቆጣጠሩን ሲያርሙ 10 ቀን ዘለሉ፤ ልዩነቱ እያደገ ሄዶ ዛሬ 13 ደርሷል። ስሙም ቢሆን «ገና» ከግሪክ የመጣ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ታዲያ የኛ ብቻ የሆነው የቱ ነው?

ጨዋታው ነዋ! ጾሙ ኅዳር 15 ሲገባ የልጅ ዓይን ወይራ ላይ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ የት እንዳለ እረኛ ሁሉ ያውቃል፤ ለማንም ግን አይናገርም። ቤት ውስጥ እናቶች የሽምብራ ዓሣ ሲሠሩ እኛ ደጅ ጥንግ እንጠርባለን። ቀኑ ሲደርስ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለን እንከፈላለን፤ ሜዳው ወሰን የለውም፤ ጥርስ ይረግፋል፣ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢመታ ጌታው መቆጣት አይገባውም ነበር ይባላል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጭሰኛ የባለርስቱን ቅልጥም የሚያገኝበት ቀን እኮ ነው። የቀሩት ቀናት የማን እንደነበሩ የሚሻ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ያለውን ታሪክ ያንብብ።

እዚህ ላይ ገጠሬዎቹ የረታን መሰለን። ያ ከተሜ ጓደኛችን ግን ቀስ ብሎ፣ «እናቴ በዓሉ ሲያልፍ ጥጡን ከጽዱ ላይ ለቅማ ትፈትለው ነበር» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ያ የፈረንጅ በረዶ ነጠላ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ኖሯል ማለት ነው!

በረዶውስ ቢሆን የማን ነው? ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ ገልብጦ ያቆየው የአንድ አክሱም ንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ፣ ጦሩ በሰሜን ተራሮች በረዶ እስከ ጉልበት በሚያሰጥም አገር እንደ ዘመተ ይናገራል። ይህን ስናነብለት ከተሜው ሳቀ፤ ከተጣሉ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። አሁን በየሱቁ የሚሸጠውን የላስቲክ ዛፍ ግን እሱም አልተከራከረለትም፤ ከላስቲክ ላይ ምን ይፈተላል?

ፈተና ስለ ደረሰ ለበዓሉ ቤታችን አልሄድንም። ዶሮ ወጡ በሐሳብ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ካልሲ ጠቅልለን ጥንግ አደረግን፣ የመወልወያ እንጨት ይዘን ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ወጣን። የመጀመሪያውን ቅልጥም የመታው አዲስ አበቤው ነው። የማንን እንደሆነ አንባቢ ይገምት፤ መቆጣትም አልተቻለው።