ከኬንያ ባሕር እስከ ጥቁሩ ጉድጓድ

የማይታይ ነገር አገኘሁ የሚል ሰው ሲመጣብን «በምን አወቅህ?» ማለት የተማሪ ወጉ ነው። ጥቁር ጉድጓድ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ከሆነ ታዲያ በምን ተገኘ? ይህን ጥያቄ ይዘን ታሪኩን ስንከተል ከጎረቤታችን ከኬንያ ባሕር ደረስን። (ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ከሰማይ የሚመጣውን ኤክስሬይ፣ ሐኪም ቤት ራጅ የምንለውን ማለት ነው፣ የምድር አየር ያግደዋል። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ዋጋ የለውም። ስለዚህ እነ ሪካርዶ ጂያኮኒ በሰኔ 1962 መሣሪያቸውን በሮኬት ላኩና ከፀሐይ ቤተሰብ ውጪ የመጀመሪያውን የኤክስሬይ ምንጭ አገኙ። በ1964 በሌላ ሮኬት ሲግነስ ኤክስ-1 የተባለው ተገኘ። ይሁንና ሮኬት ከአየር በላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ በጨረፍታ ምን ይጠናል?

ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 (በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.) በማሊንዲ አጠገብ በህንድ ውቅያኖስ ላይ ጣሊያኖች ካቆሙት ሳን ማርኮ ከተባለው መድረክ አንዲት የአሜሪካ ሳተላይት ተተኮሰች። ሥፍራው የተመረጠው ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ነው፤ የምድር መሽከርከር ሮኬቱን ይገፋለታል። ቀኑ የኬንያ የነፃነት በዓል ነበርና የሥራው ኃላፊ ማርጆሪ ታውንሰንድ «ኡሁሩ» አለቻት፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ገሚሶቻችን ለአፍሪካ ክብር ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ሮኬቱ የአሜሪካ፣ መድረኩ የጣሊያን፣ የእኛ ስሙና ባሕሩ ብቻ ነው እኮ አልን። እውነት ለመናገር ሁለተኛው ወገን አሸንፏል፤ ስሙን ግን ማንም አልጠላውም።

ኡሁሩ ሲግነስ ኤክስ-1ን ረጋ ብላ ስትመለከት ጨረሩ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይለዋወጣል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው! ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ የሚለዋወጥ ነገር ስፋቱ ከ30,000 ኪሎ ሜትር ብዙ ሊበልጥ አይችልም። ከፀሐይ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ትንሽ መሆኑ ታወቀ፤ ክብደቱስ? በ1971 የራዲዮ ቴሌስኮፖች ቦታውን ለይተው ሲያሳዩ እዚያው አንድ ግዙፍ ሰማያዊ ኮከብ ተገኘ። በእንግሊዝ ሉዊዝ ዌብስተርና ፖል መርዲን፣ በካናዳ ቶም ቦልተን በየፊናቸው ሲለኩት ኮከቡ በየ5.6 ቀኑ አንድ የማይታይ ጓደኛውን ይዞራል። ጓደኛው ከ3 ፀሐይ በላይ ሳይከብድ አይቀርም፤ ያን ያህል ከብዶ ያን ያህል የጠበበ ነገር ደግሞ ከጥቁር ጉድጓድ በቀር ሌላ ስም አልተገኘለትም። ኤክስሬዩም ከጉድጓዱ ውስጥ የሚወጣ አይደለም፤ ከኮከቡ የተነጠቀው ጋዝ ወደ ጉድጓዱ እየተሽከረከረ ሲወርድ እርስ በርሱ ተፋትጎ በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ግሎ የሚረጨው ነው።

ሁሉም ወዲያው አላመነም። በ1974 ስቲቨን ሆውኪንግ ከኪፕ ቶርን ጋር ሲወራረድ «ጥቁር ጉድጓድ አይደለም» በሚለው ወገን ቆመ። ብዙ የደከመበት ጥናት ከንቱ ቢሆን እንኳ በውርርዱ እጽናናለሁ ብሎ ነው። ማስረጃው ሲበረታ በ1990 በውርርዱ ወረቀት ላይ የጣት አሻራውን አኑሮ ተረታሁ አለ። በ2021 እንደገና ሲለካ ደግሞ ጉድጓዱ 21 ፀሐይ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ቀድሞ ከተገመተው የከበደ።