በመርፌ አደንዛዥ ዕፅ በሚወስዱ ሰዎች መካከል የኤችአይቪ መተላለፍ

በመርፌ አደንዛዥ ዕፅ በሚወስዱ ሰዎች ዘንድ ኤችአይቪ በዋናነት የሚተላለፈው አንዱ የተወጋበትን ስሪንጅ ሌላው ሲወጋበት ነው። ቫይረሱን የሚያስተላልፈው ዕፁ ሳይሆን በስሪንጁ ውስጥ የሚቀረው ደም ነው። ግብረ ሥጋ ግንኙነት ሁለተኛው መንገድ ሲሆን፣ ቫይረሱ ዕፅ ቀምሰው ወደማያውቁ የትዳር አጋሮች የሚደርሰውም በዚሁ ነው።

ተወጊው መርፌው ደም ሥር ማግኘቱን ለማረጋገጥ የስሪንጁን መግፊያ ትንሽ ወደ ኋላ ይስባል፤ ያን ጊዜ ደም ገብቶ ከዕፁ ጋር ይቀላቀላል። አንዳንዶች ጠብታ እንዳይቀር ብለው ደሙን ደጋግመው ይስባሉ፣ መልሰው ይወጋሉ። መግፊያው እስከ ጥግ ቢገፋም በመርፌውና በስሪንጁ መጋጠሚያ ላይ ጥቂት ደም ይቀራል። በቤተ ሙከራ እንደታየው ቫይረሱ በዚህ ደም ውስጥ እስከ 42 ቀን ሊቆይ ይችላል። በውኃ ማለቅለቅ ብቻውን ከአደጋው አያድንም። ዕፁ የሚሟሟበት ማንኪያ፣ የሚጣራበት ጥጥና የሚቀላቀልበት ውኃም በጋራ ሲሆኑ ያሰጋሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ግምት እንደሚለው፣ ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር መርፌ መጋራት ከ10,000 ጊዜ በ63ቱ ቫይረሱን ያስተላልፋል። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለሚወጋ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ስሪንጅ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ከኤድንብራ በላይ የሚያሳይ ከተማ ጥቂት ነው። በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ሄሮይን የስኮትላንድን ድሃ ሰፈሮች ሲያጥለቀልቅ ፖሊስ ስሪንጅ እያሳደደ ይወርስ ነበር፤ መድኃኒት ቤቶችም መሸጥ አቆሙ። ተጠቃሚዎቹ መወጋታቸውን አልተዉም፤ በአንድ ቤት ተሰብስበው አንዱን ስሪንጅ ተራ በተራ ይወጉበት ጀመር። በሚዩርሃውስ ሰፈር የሚሠሩት ሐኪም ሮይ ሮበርትሰንና ባልደረቦቻቸው በ1986 ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት 164 የሄሮይን ተጠቃሚዎች 51 በመቶው ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። በቅርብ ርቀት ባለችው ግላስጎው በዚያ ዘመን የተገኘው 5 በመቶ ገደማ ነበር።

በዚያው ዓመት በስኮትላንድ የተቋቋመ ኮሚቴ ንጹሕ ስሪንጅ እንዲታደል መከረ፤ በ1987 አሮጌውን በአዲስ የመለወጥ ሥራ ተጀመረ። ሄሮይንን የሚተካው የሚዋጥ መድኃኒት ሜታዶን በሐኪም መታዘዙ ደግሞ የመወጋቱን ብዛት ቀነሰ። በመርፌ የሚያዙ አዳዲስ ሰዎች ቁጥርም አሽቆለቆለ።

ያን ጊዜ የተረፈችው ግላስጎው ከ2015 ወዲህ ተራዋ ደርሷል፤ በማዕከሏ ባሉ፣ ኮኬይን በሚወጉና ብዙዎቹ መጠለያ በሌላቸው ሰዎች መካከል ከ100 በላይ አዳዲስ ተያዦች ተመዝግበዋል። ኮኬይን ስሜቱ ቶሎ ስለሚጠፋ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ እንዲወጋ ያደርጋል፤ ለሄሮይን ተብሎ የተለካ የስሪንጅ እደላ አይበቃውም። ከተማዋ በጥር 2025 ሰዎች በጤና ባለሙያ ፊት በንጹሕ መርፌ የሚወጉበትን፣ በብሪታንያ የመጀመሪያ የሆነውን ሕጋዊ ማዕከል ከፍታለች።