ሚዛን ብቻውን ያልፈታው የውሃ ቀመር

4 ግራም ሃይድሮጅን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር ቢቃጠል ስንት ግራም ውሃ ይወጣል? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሆናችሁ ጥያቄው አይከብዳችሁም። 1 ሞል የሃይድሮጅን ጋዝ 2 ግራም፣ 1 ሞል የኦክስጅን ጋዝ ደግሞ 32 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ በእጃችን ያለው 2 ሞል ሃይድሮጅንና 1 ሞል ኦክስጅን ነው። ከእነሱ 2 ሞል ውሃ፣ ማለትም 36 ግራም እናገኛለን። የሚተርፍ ነገር የለም።

ቀላል ነው አይደል? ግን እዚህ ለመድረስ ኬሚስቶች ግማሽ ምዕተ ዓመት ተከራክረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን ውሃ ከአንድ የሃይድሮጅን አተምና ከአንድ የኦክስጅን አተም የተሠራ ነው ብሎ ገመተ። በዚህ ግምት የኦክስጅን አተም የሃይድሮጅንን 8 እጥፍ ይመዝናል ማለት ነው። እስቲ በእሱ መንገድ እናስላው። 4 ግራም ሃይድሮጅን 4 እጅ ነው። 32 ግራም ኦክስጅንም ለ8 ሲካፈል 4 እጅ ይሆናል። አንዱ እጅ ውሃ 9 ግራም ስለሚመዝን፣ 4 ጊዜ 9 አሁንም 36! ቀመሩ ስህተት ሆኖ መልሱ ግን ልክ ወጣ። ሚዛን ብቻውን ዳልተንን ሊያርመው አይችልም ነበር።

ፍንጩ የመጣው ከጋዞች ይዘት ነው። ፈረንሳዊው ጌይ-ሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1808 ባወጣው ሕግ መሠረት 2 ሊትር ሃይድሮጅን የሚዋሃደው ከ1 ሊትር ኦክስጅን ጋር ነው። ጣሊያናዊው አቮጋድሮ በ1811 ምክንያቱን አስረዳ፦ ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆኑ ጋዞች በእኩል ይዘት ውስጥ እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪዩሎች አሏቸው። እንግዲያው ውሃ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ነው፤ የኦክስጅን አተምም 16 እጥፍ ይመዝናል።

አቮጋድሮ ግን ብዙም ሰሚ ሳያገኝ በ1856 ሞተ። ግራ መጋባቱም ባሰ፤ አቼቶን ለሚያኮመጥጠው አሲድ ብቻ 19 የተለያዩ ቀመሮች ቀርበው ነበር! በመጨረሻ በ1860 ኬሚስቶች ጀርመን፣ ካርልስሩሄ ከተማ ተሰበሰቡ። የአቮጋድሮ የአገር ልጅ ካኒዛሮ ሐሳቡን ይዞ ተሟገተ፤ ጽሑፉም ለተሰብሳቢዎቹ ታደለ። ከእነሱ አንዱ ሜንዴሌቭ ነበር።

ሞል ከዚህ በኋላ የመጣ ስም ነው። ምስማር ሻጭ ምስማሩን አንድ በአንድ አይቆጥርም፣ በኪሎ ይመዝናል። የአንዱን ምስማር ክብደት ካወቀ ግን ብዛቱን ማስላት ይችላል። ሞልም እንደዚያው ነው፤ በግራም መዝነን 6.022 × 10²³ ቅንጣቶችን እንደ አንድ ጥቅል እንቆጥራለን። በቀመሩ ፊት የምትጽፏቸው 2፣ 1፣ 2 የግራም ሳይሆኑ የቁጥር ውድሮች ናቸው። ግራሙን መጀመሪያ ወደ ሞል የምትቀይሩትም ለዚህ ነው።